ጭኔ ላይ ያበጠው ባትሪ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስሄድ ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጎዳም። የተቃጠለው አንድ ቦርሳና አንድ የምሳ ዕቃ ብቻ ነው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላስበው ያለፈ ሳምንት የለም። ታሪኩን የሰማ ሰው ሁሉ እኔን አመስግኖ ነው የሚጨርሰው። ምስጋናው እንደማይገባኝ የሚያውቁት ከእኔ ሌላ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። አሁን እናንተም ልታውቁት ነው።

ዳንግላ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሱቄ የሚገባ አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ባለቤቱ የለም?» ብሎ ነው። ባለቤቱ እኔ ነኝ ስለው ስልኩን እንደያዘ፣ እሱም ሞባይል ጠጋኝ ወደሆነው ጎረቤቴ ሱቅ የሚያልፍ አለ። በዚህ ምክንያት «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ገና ሥራ ስጀምር ነው የማልኩት። ወንድ ጠጋኝ አላውቅም ቢል ሥራ በዝቶበት ነው ይባላል። እኔ ብል ድሮስ ሴት ምን ታውቃለች ሊባል ነው። የማላውቀው ነገር ሲመጣ «ነገ ተመለስ» እላለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አመሽና በማግስቱ ዐዋቂ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሠርቶልኛል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ጋሼ ይኸነው የሚባሉ እንጅባራ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ደንበኛ አሉኝ። አንድ ቀን ሱቄ መጥተው በፌስታል የተጠቀለለ ባትሪ አወጡ። በሪሞት የምትበር፣ ክንድ የምታህል ሄሊኮፕተር አለቻቸው፤ ባሕር ዳር ካለ ጓደኛቸው የገዟት ናት። ትምህርት ቤታቸው በሚያዘጋጀው የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ ተማሪዎቻቸው ፊት ሊያስነሷት ቃል ገብተዋል። ባትሪዋ ግን ሞቷል። መጀመሪያ የሄዱት ጎረቤቴ ጋ ነበር፤ እሱ «ይህ ዓይነት ባትሪ እዚህ አገር አይገኝም» ብሎ መልሷቸዋል። እኔ ይህን ስሰማ ባትሪውን አገላብጬ እንኳ ሳላየው «ይገኛል» አልኩ።

ጋሼ ወረቀት አውጥተው በዚያ ባማረ የመምህር ጽሑፋቸው የሚፈልጉትን ጻፉልኝ። ቮልቱን፣ የሚይዘውን መጠን፣ ርዝመትና ስፋቱን ጻፉ። በመጨረሻ ሲ የሚል ፊደል የተከተለው ቁጥር ጻፉና ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። «ከሁሉም በላይ ይህን እዪልኝ። ግራ የገባሽ ነገር ካለ ደውይልኝ» አሉኝ።

ሲ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እዚያው ብጠይቃቸው በሁለት ደቂቃ ያስረዱኝ ነበር፤ ሥራቸው ማስረዳት ነው። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እየከተትኩ «ጋሼ፣ ብዙ አይጨነቁ፤ ባትሪ ባትሪ ነው» አልኳቸው። ይህን ስል በጣም ዐዋቂ መስዬ እንደታየኋቸው ነበር የተሰማኝ።

ባሕር ዳር ዕቃ ላመጣ ስሄድ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ባትሪዎች አወጣልኝ። አንደኛው አዲስ ነው፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ጋሼ እንደጻፉት ናቸው፤ ከአሮጌው ግን በአንድ ጣት ይረዝማል። ሁለተኛው ያገለገለ ነው፤ ከአሮጌው ባትሪ ጋር ስይዘው ልክ በልኩ፣ ቮልቱም ያው። የሲው ቁጥር የነበረበት ቦታ ግን ተፍቆ ጠፍቷል። ነጋዴው ከምን እንደወጣ ስጠይቀው «ከትልቅ የእጅ ባትሪ ነው» አለኝ።

እኛ የሞባይል ሰዎች ባትሪ የምንመርጥበት መንገድ አለን። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን እናሽከረክረዋለን። ያበጠ ከሆነ ሆዱ ላይ ቆሞ እንደ እንዝርት ይዞራል፤ ጤነኛ ከሆነ ተኝቶ ይቀራል። ከዚያ በቴስተር ቮልቱን እናያለን፤ ቀጥሎ ቦታው ይገባል አይገባም እንላለን። አበቃ። ሁለተኛውን አሽከረከርኩት፤ አልዞረም። ለካሁት፤ ደኅና ነው። ቦታውም ይገባል። እሱን ይዤ መጣሁ።

ሱቄ ደርሼ ሳየው ከባትሪው ሁለት ወፍራም ሽቦዎች፣ ቀይና ጥቁር፣ ወጥተዋል። ከጎናቸው ደግሞ በነጭ ሶኬት የታሰሩ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀጫጭኖቹ የምን እንደሆኑ አላወቅኩም። ስላላወቅኩ አያስፈልጉም ብዬ ወሰንኩና በፕላስተር ከጎኑ አጣበቅኳቸው። የሞተ የስልክ ባትሪ እንደምናስነሣው ወፍራሞቹን ከፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኝቼ ሞላሁት።

የስልክ ባትሪ አንድ ክፍል ነው፤ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚቆርጥለት ትንሽ ቦርድም አለው። ይኼኛው ውስጡ ሦስት ክፍል ነበር፤ የሚቆርጥለት ነገር ደግሞ የለውም። ሦስቱ እኩል እንዲሞሉ የሚያደርጉት እነዚያ አያስፈልጉም ያልኳቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ነበሩ። ለካ አንዱን ክፍል ሳይጠግብ ትቼ ሌላውን እስኪታመም አጉርሼዋለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ሞልቶ ሳነሣው ለብ ብሎ ነበር፤ ገና ከኤሌክትሪክ መውጣቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ኤግዚቢሽኑ በማግስቱ ጠዋት ስለነበር ቸኩያለሁ። መንገድ ላይ እንዳይጨፈለቅ በጨርቅ ጠቅልዬ በፕላስቲክ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ አድርጌ ከደንኩት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒባሱ ትርፍ ጭኗል። እኔ የኋላው ወንበር ላይ ከሦስት ሰዎች ጋር ተቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ጠና ያሉ እናት አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ልጃቸው፣ ከዚያ እኔ፣ ከእኔ ወዲያ አንድ ግዙፍ ሰውዬ። እናትየው እማማ ያለምወርቅ፣ ልጃቸው ስመኝ ትባላለች። ስማቸውን የሰማሁት በኋላ ቢሆንም ለወሬው እንዲመቸኝ ከአሁኑ ልጥራቸው። ሰውዬው ከሰል አክሳይ ነው፤ ጣሪያው አልበቃ ብሎት የተረፈ አንድ ጆንያ ከሰል ከፊታችን መተላለፊያው ላይ ተጋድሟል። ከኋላ ወንበር የሚወርድ ሰው ሰውዬውን አስነሥቶ፣ ጆንያውን ተሻግሮ፣ የታጣፊ ወንበሮቹን ተሳፋሪዎች አስነሥቶ ነው በሩ ጋ የሚደርሰው።

ስመኝ ሕፃን ታቅፋለች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ዳንግላ መጥታ ወልዳ፣ አሁን እናቷ ወደ ባሏ ቤት እየሸኟት ነው። ልጅቷ ሁለት ወር አልፏታል፤ ክርስትና የምትነሣበት ቀን ቀርቧል። ሰሞኑን ብርድ መትቷት ስታስል ከርማለች። እማማ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሊያዩ ሳይሆን ሊጠብቁ ነው። ገና ከመናኸሪያ ሳንወጣ ከፊት ያለ ሰው መስኮቱን ገርበብ ሲያደርገው ከኋላ ሆነው አዘጉት። ሌሎቹም ያለ ክርክር ዘጉ። በእኛ አገር መኪና ውስጥ የመስኮት ነገር ከተነሣ የሚያሸንፈው ንፋስ የሚፈራው ነው። ሕፃን ከያዘማ ማን ይናገረዋል።

መንገዳችን ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ልንደርስ ስንል ጭኔን ሞቀኝ። ሰው በሰው ላይ ስለሆንን ነው አልኩ። ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ጭኔ አዞርኩት። እሱንም ሞቀው።

አዲስ ቅዳም መኪናው ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃቸውን እያወረደ ቆየ። ከሰል አክሳዩም ጣሪያ ላይ ያሉትን ሌሎች ጆንያዎቹን ሊያይ ወርዶ ስለነበር ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው። እጄን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ምሳ ዕቃውን ነካሁት። ለብታ አልነበረም፤ የሻይ ብርጭቆ እንደ መያዝ ነው። ክዳኑም በአንድ በኩል ተነሥቷል።

ያን ጊዜ ዐወቅኩ። በኋላ አላወቅኩም ብያለሁ፣ ግን ዐውቄአለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ያበጠ ባትሪ ሲጨስ ሁለቴ አይቻለሁ፤ የአንዱ ጠባሳ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ያ አውራ ጣት የሚያህል የስልክ ባትሪ ነበር። ይህ የእጄን መዳፍ ያህላል።

መንገዱ ክፍት ነው። አንድ ጆንያ ተሻግሬ መውረድ ነው የነበረብኝ። ግን ዝናቡ ጀምሯል። ብወርድ በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና አላገኝም። ጋሼ ይኸነው ነገ ተማሪዎቻቸው ፊት ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። ጎረቤቴ ደግሞ «እኔ አላልኩም?» ይላል፤ ለሳምንት ሳይሆን ለዓመት ይላል። እንጅባራ ሩቅ አይደለም፣ እስክንደርስ ይችላል አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ሰውዬው ተመልሶ ገባና ከጎኔ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ መውጫ አልነበረኝም። ትንሽ እንደሄድን ቦርሳውን ገልጬ አየሁ። የምሳ ዕቃው ክዳን ሙሉ በሙሉ ተነሥቷል፤ ጨርቁ ሥር ባትሪው እንደ ትራስ አብጧል። ሽታ ወጣ፤ ጣፋጭ የሆነ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ። ከፊት ያለ ተሳፋሪ የጥፍር ቀለም የደፋችው ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ ሰዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እማማን መስኮቱን ትንሽ እንዲከፍቱልኝ ለመንኳቸው። ትንፋሽ አጠረኝ አልኳቸው፤ እሱስ እውነት ነበር። በክፋት አልመለሱልኝም። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ትችይዋለሽ። እሷ ግን ንፋስ ከመታት አትችለውም» አሉኝና የልጅቷን ራስ በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ፤ ግራና ቀኙ የግራር ተክል ነው፣ ቤት የለም፣ ዝናብ ይዘንባል። እዚህ ማን አለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ብለህ አውርደኝ አልኩት። ሹፌሩ ከፊት ሆኖ ዳገት ላይ ትርፍ ጭኖ እንደማይቆም፣ ትንሽ እንድታገሥ ተናገረ። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሽንቷ ነው መሰለኝ ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ልጮህ የቃጣኝ ተናጋሪው ላይ ሳይሆን ራሴ ላይ ነበር።

እውነቱን ለምን አልተናገርኩም? ሁለት ምክንያት ነበረኝ፤ አንዱ መልካም፣ አንዱ መጥፎ ነው። መልካሙ ይህ ነው፦ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይዣለሁ ብል ሃያ ሰው በአንድ በር ሊወጣ ይራኮታል። ሕፃኗ ደግሞ ከበሩ በጣም የራቀችው ናት። ወይም እኔን እንደ ክፉ ሰው ያዩኝና የሚሆነው አይታወቅም። መጥፎው ምክንያት ደግሞ የምታውቁት ነው። ዳንግላ ትንሽ ከተማ ናት፤ «ያቺ ሴት ጠጋኝ መኪና ልታቃጥል ነበር» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሱቄ ይደርሳል። የትኛው ምክንያት አፌን እንደያዘው ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። መልሱን ስለማውቀው ነው ደጋግሜ የምጠይቀው።

ቦርሳውን ከጭኔ ላይ የማወርድበት ቦታ አልነበረም። ወለል ላይ ባደርገው ከሰሉ አለ። ወደ ቀኝ ብገፋው ሰውዬው፣ ወደ ግራ ሕፃኗ። ሁለት እጄን ቦርሳው ሥር ሰድጄ ከጭኔ ትንሽ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ጣቶቼ መቃጠል ሲጀምሩ በቀሚሴ እየጠቀለልኩ ያዝኩት። በልቤ እመቤቴን እለምናለሁ፤ ከአፌ ግን አንድ ቃል አይወጣም።

ከዚያ ከምሳ ዕቃው ውስጥ ጠጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ሕፃኗ አሳለች። አንዴ ሳይሆን ደጋግማ። ስመኝ ፊቷን ገልጣ ስታያት እኔም አየኋት። ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው በመካከላችን ያለው።

ወደ ስመኝ ጆሮ ጎንበስ ብዬ «እህቴ፣ አትጩኺ። እጄ ላይ ያለው ዕቃ ሊቃጠል ነው። ልጅሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ዙሪ» አልኳት። ቦርሳውን አየች፤ እኔን አየች። ቀስ ብላ ዞራ ልጅቷን በሰውነቷ ከለለችና ለእናቷ በአዊኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። እማማ እኔን አላዩኝም። ወደ ፊት ቀና ብለው፣ ሳይጮኹ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ሹፌር፣ አቁም። ልጃችን ትንፋሿ ቆመ።»

ሹፌሩ ዳገት መሆኑን ረሳው፤ ቀጥ አድርጎ አቆመ። የታጣፊ ወንበሮቹ ተሳፋሪዎች ለሕፃኗ መንገድ ሊሰጡ ብለው ተራ በተራ ወረዱ። ከሰል አክሳዩ ጆንያውን አንሥቶ በበሩ ወረወረው። ማንም ማንንም አልገፋም። ስመኝ ወረደች፣ እማማ ወረዱ፣ እኔ ተከተልኩ። ስንት ደቂቃ ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ነገር እኚያ ሴት በአንድ አፍታ አገኙት።

መሬት እንደረገጥኩ ሮጥኩ። ከመንገዱ ዳር፣ የዛፍ ግንድ ከስሎበት ባዶ የቀረ የከሰል ጉድጓድ ነበር። ቦርሳውን እዚያ ጣልኩት። ዞሬ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ፉሽ ብሎ ነደደ፤ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ከላዩ ቀይ ነበልባል። ጭሱ ወደ ሜዳው ሄደ። ከሰል አክሳዩ መጥቶ በእግሩም በእጁም ከጉድጓዱ ጠርዝ አፈር ያለብስበት ጀመር፤ ሥራው ስለሆነ ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። አፈሩ ለብሶም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጨሰ።

ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመው ጉድጓዱን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ሹፌሩ ተቆጣ፤ መኪናዬን እሳት ልታስይዢብኝ ነበር፣ እዚሁ ትቀሪያለሽ አለኝ። አልፈረድኩበትም። ያን ጊዜ እማማ በመካከል ገቡ። ይህች ልጅ ባትነግረን ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር፣ እሷ ካልገባች እኔም አልገባም አሉት። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሩኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን» አልኳቸው። «አሁን፣ ልነግራት ስል።»

ግንባሬን ሳሙኝ። ከልጅ ልጃቸው ጎን ያስቀመጠኝ እግዚአብሔር ነው አሉ። ተሳፋሪዎቹም አሜን አሉ። ያ ሰው፣ ሽንቷ ነው ያለው፣ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። እስከ እንጅባራ ድረስ ሲመርቁኝ ሄዱ፤ እኔ ደግሞ በጃኬቱ ውስጥ ተሸሽጌ፣ መቼ በደረስን እያልኩ ሄድኩ።

ጋሼ ይኸነው እንጅባራ መናኸሪያ ቆመው ጠበቁኝ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ አዲስ ቅዳም ላይ ያለውን ግን ዘለልኩት። አልተቆጡም። ያ ከሲ ጋር ያለው ቁጥር ባትሪው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ጉልበት ማውጣት እንደሚችል የሚናገር መሆኑን፣ የእጅ ባትሪ ትንሽ በትንሽ እንደሚወስድ፣ ሄሊኮፕተር ግን ስትነሣ ሁሉንም ባንዴ እንደምትጠይቅ አስረዱኝ። ስለ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎችም ነገሩኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «ምነው አልደወልሽልኝ?» አሉኝ። በማግስቱ ሄሊኮፕተሯ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ብቻ አዩዋት።

ከሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ እማማ ያለምወርቅ ሱቄን አፈላልገው መጡ። አንድ ማሰሮ ማር ይዘዋል። ሱቁ ውስጥ ለነበሩት ደንበኞች ሁሉ ታሪኩን ነገሯቸው፤ ጎረቤቴም በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስመኝ የላከቻቸውን ነገሩኝ። ልጅቷን ክርስትና እንዳነሣላቸው ነው። አንቺ ያተረፍሻት ናት፣ ሌላ ማን ሊያነሣት ነው አሉኝ።

እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሚኒባሱ የባሱ ነበሩ። ሚኒባሱ ቢያንስ የሚደርስበት ቦታ ነበረው። የክርስትና እናት ማለት በእግዚአብሔር ፊት ልጅን የሚረከብ ሰው ነው። እኔ ያቺን ልጅ ከጎኔ አስቀምጬ፣ በሩ ተከፍቶ እያየሁ፣ ለስሜ ስል አብሬ የዘጋሁባት ነኝ። ነጠላ ገዛሁ፣ ለልጅቷ የአንገት መስቀል ገዛሁ። ሁለቱንም ዓይኔ እንዳያያቸው ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ውስጤ እየነቀዘ ነበር።

ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው እማማ ቤት ሄድኩ። ወደ ስመኝ ቤት ለሚወስዱት የክርስትና ድግስ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቁጭ በይ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አላስቀመጡም፤ አንድ ሽንኩርት ጨርሰው ሌላ አነሡ።

«አዲስ ቅዳም ስንቆም ታውቂ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር።»

«በሩ ተከፍቶ?»

«ተከፍቶ።»

ያነሡትን ሽንኩርት መላጥ ቀጠሉ። ዓይናቸው ያነባ ነበር፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከእኔ አላወቅኩም። ከዚያ «ሂጂ በይ» አሉኝ። ሄድኩ። መስቀሉን ደጃፉ ላይ ለነበረች አንዲት ሠራተኛቸው ሰጥቻት ወጣሁ። ልጅቷን ሌላ ሴት ክርስትና አነሣቻት። እኔ አልሄድኩም፤ ማንም አልጠራኝም።

ስወጣ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ግን መተንፈስ ቻልኩ፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት እንዳለ ያን ቀን ነው የገባኝ። እማማ ለማንም አላወሩም። ከስመኝ በቀር። ዛሬም ዳንግላ ውስጥ እኔን ሚኒባስ ያዳነች ጠጋኝ ነው የሚሉኝ። ለአንዳንዱ እውነቱን ለመንገር ሞክሬአለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ባለፈው ወር እማማ ሱቄ ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ሰላም አሉኝ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ልጅቷ እንዴት ናት ብዬ ስጠይቅ መቆም ጀምራለች አሉኝ። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ድምፅ አይሰማም። ገልጬ አየሁት፤ ስፒከሩን፣ ሽቦውን ነካካሁ። ቦርዱ ላይ ነው ችግሩ፤ ግን የት ላይ እንደሆነ አልገባኝም።

ቀና ስል እያዩኝ ነው።

«እማማ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም» አልኳቸው። «ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ለእሱ ደውዬ ልጠይቅና ነገ ልንገርዎ።»

ከጎኔ ሁለት ሌሎች ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። አንዱ ስልኩን ይዞ ወደ ጎረቤቴ ሄደ። እማማ ግን መቀነታቸውን አጥብቀው፣ «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ብለው ስልኩን እዚያው ትተውልኝ ወጡ።

ስልካቸውን አምነውኛል። ልጅቷን ገና ነው። አልፈርድባቸውም።